ደጀን የሌለው ፊታውራሪ

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት እንግዳ ከጎንደር ወጥቶ ያለቀበት ሳምንት። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ከፒያሳ ብዙም ሳንርቅ አንድ የሳይክል ጠጋኝ ደጅ ቆመን ጎማ እናስነፋለን። ሐሳባችን ኮሶዬ ደርሶ መመለስ ነው። ጠጋኙ ሥራቸውን ጨርሰው ቀና አሉና ‹‹ልጆች፣ የኋላችሁን በምን ልታዩት ነው?›› ሲሉ ጠየቁን። ‹‹ዞረን ነዋ ጋሼ!›› አልናቸው። መልሳችን ግን የጣማቸው አይመስልም። ከአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ጠርዙ የተሰነጠቀ የሞተር ሳይክል ስፖኪዮ አውጥተው ዘረጉልን። ሁለታችን ሳቅን። ‹‹ባጃጅ ሊያደርጉን ነው እንዴ?›› ሦስተኛችን ትልቅ ሰውን እንቢ ማለት ስለሚከብደው ብቻ ‹‹ይሁን›› ብሎ በግራ በኩል አስገጠመው። ልብ በሉ፤ አምኖበት አይደለም። ይሉኝታ ይዞት ነው።

ከሦስታችን አንዱ የዚያን ቀን ከነሕይወቱ ቤቱ የገባው በዚያ ይሉኝታ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን። ይህችን ጽሑፍ የምንጽፈውም ለዚሁ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ የሆነው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ወለቃን ሲያልፍ ሽቅብ ይጀምራል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮሶዬ የደረሰ ሰው ከጎንደር 700 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። እዚያ አንዱ ወገን የገብስ ማሳ ነው፤ በሌላው ወገን ምድር በድንገት ታልቅና ቆላው ከእግር በታች ይዘረጋል። ጭላዳ ዝንጀሮው ሳሩን እየነጨ ቀና ብሎ እንኳ አያያችሁም። ነፋሱ ግን አይጣል ነው፤ ጉምም አለበት። መንገዱ አስፋልት ቢሆንም ጠርዙ ላይ ለሳይክል የተተወ ነገር የለም። ገበያተኛው፣ ባሕር ዛፍ የተጫነች አህያ፣ አይሱዙው፣ የሕዝብ አውቶብሱና እኛ የምንካፈለው ያንኑ አንድ ጥቁር መቀነት ነው።

ስንወጣ ምንም አልሆንንም። ዳገት ላይ ጆሮ ይበቃል። የተጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፤ ጥግ ይዘን እናሳልፈዋለን። ሹፌሩም ቀስ ስለሚል አይቶን ያልፋል። ኮሶዬ ላይ ሻይ ጠጣን፤ ፎቶ ተነሣን፤ በባለ ስፖኪዮው ጓደኛችንም እንደገና ሳቅንበት።

ስንወርድ ነገሩ ሌላ ሆነ። ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ያፏጫል፤ ከዚያ በኋላ ከኋላ ቀርቶ ከጎናችሁ የሚያወራ ሰውም አይሰማችሁም። አንደኛችን ከፊት፣ ሁለተኛችን ከመሀል፣ ባለ ስፖኪዮው ከኋላ ነን። ከፊታችን እንጨት የተጫኑ ሁለት አህዮች ነበሩ። የፊተኛው እነሱን ሊያልፍ ወደ መንገዱ መሀል መውጣት ሲጀምር ከኋላ ጩኸት ሰማን፦ ‹‹ቀኝ ያዙ! ቀኝ!›› ያን ጩኸት የሰማነው ነፋሱን በሚያሸንፍ ድምፅ ስለጮኸ ነው። ፊተኛው ሳይጠይቅ ፍሬኑን ያዘ፤ ከአህዮቹ ኋላ ተለጥፎ ቀረ። ሁለተኛው ግን ለጠጋኙ እንደመለስነው ‹‹ዞሮ›› ለማየት ሞከረ። ራሱ ወደ ግራ ሲዞር ትከሻው ተከተለ፤ ትከሻው ሲዞር መሪው ተከተለ፤ ሳይክሉ አንድ ክንድ ያህል ወደ መሀል ገባ። የአይሱዙው ክላክስ ጆሮው ሥር ጮኸ። ደንግጦ ወደ ቀኝ ሲመልሰው ከአስፋልቱ ወርዶ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። አይሱዙው ከታች ከሚመጣ አውቶብስ ጋር ተጠባብቀው ተላለፉና ሄዱ። ሁሉም ነገር የፈጀው አንድ ሰው ስሙን ጠርቶ እስኪጨርስ ነው።

የወደቀው ጓደኛችን የእጁ አንጓ ተሰብሮ ሳምንታት በጀሶ ከረመ። ወደ መሀል ሊወጣ የነበረው ግን አንድ ጭረት እንኳ አላገኘውም። እሱ እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲወራ ክፍሉን ትቶ ይወጣል። አይሱዙው በመጣበት ፍጥነትና እሱ ሊገባበት በነበረው ቦታ መካከል የቆመው ነገር ጠርዙ የተሰነጠቀ መስታወት ብቻ ነበር።

ረዳት፣ ደጀን፣ ስፖኪዮ

ስፖኪዮ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው፤ መስታወት ማለት ነው። ፍሬቻውን፣ ጎሚስታውን፣ ካቴናውን ከወሰድንበት መዝገብ የመጣ። ዕቃው ራሱ ግን ጥሩ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካ ውስጥ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የመጀመሪያው የ500 ማይል የመኪና ውድድር ሲካሄድ፣ ተወዳዳሪዎቹ ከአጠገባቸው አንድ መካኒክ ያስቀምጡ ነበር። የመካኒኩ አንዱ ሥራ ዞር ብሎ ‹‹እገሌ መጣብህ›› ማለት ነው። ሬይ ሃሩን የተባለው ተወዳዳሪ ግን ብቻውን ገባ። ሌሎቹ ‹‹የኋላውን የሚያይለት የለም፤ ለእኛም አደጋ ነው›› ብለው ሲያጉረመርሙ መኪናው ላይ መስታወት ገጠመ። ውድድሩንም አሸነፈ። ሐሳቡን ያገኘው በፈረስ ጋሪ ላይ ካየው መስታወት እንደሆነ ኋላ ተናግሯል።

እንግዲህ ስፖኪዮ የተፈጠረው ለምን እንደሆነ አያችሁ? ረዳት ለሌለው ሰው ነው። የእኛ አገር ሹፌር ሦስት መስታወት እያለው እንኳ ረዳቱ በበሩ ወጥቶ ‹‹ና! ና! ና! በቃ!›› ሳይለው ወደ ኋላ አይነዳም። ከመንገዱ ተጠቃሚ ሁሉ ደካማው፣ ቆርቆሮም መስታወትም ረዳትም የሌለው ሳይክል ነጂ ነው። እሱ ደግሞ ‹‹አያስፈልገኝም›› ይላል።

የጎንደር ልጆች ሆነን ሳለ ይህ ሊጠፋን ባልተገባ ነበር። የድሮው ሠራዊት ሲዘምት እንዴት እንደሚሰለፍ ማዕረጎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች ከቀኝ፣ ግራ አዝማች ከግራ። ከኋላ የሚጠብቀው ደግሞ ደጀን ይባላል። ደጀን የሌለው ሠራዊት ፊቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ከኋላው ይቆረጣል። ቃሉን ዛሬም የምንወደው ለዚህ ነው፤ የሚተማመኑበትን ወገን ‹‹ደጀኔ›› ይሉታል። ሳይክል ላይ የተቀመጠ ወጣት ሁሉ ፊታውራሪ ነው፤ ዓይኑ ፊት፣ ደረቱ ፊት፣ ልቡም ፊት። ደጀን ግን የለውም።

ጆሮ ሲከዳ

‹‹እኛ እስከ ዛሬ በጆሯችን ስንነዳ ኖረናል›› የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ የሳይክል ነጂው ስፖኪዮ ጆሮው ነበር። በድምፁ ብቻ ባጃጁን ከዶልፊኑ፣ አይሱዙውን ከሲኖትራኩ የሚለይ ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። ነገር ግን ይህ ዘመን እያለፈ ነው። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላለች፤ እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው አገርም እኛ ነን። የአዲስ አበባ አንባቢዎቻችን የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቶባችኋል። አየሩን ስለማያጨሰው ደስ ይለናል። ነገር ግን ይህ መኪና በዝግታ ሲሄድ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። አውሮፓውያን ነገሩ አስግቷቸው እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ በሕግ አስገድደዋል። እኛ ዘንድ ከኋላችን ዝም ብሎ የሚመጣውን መኪና ለመስማት የምንሰለፈው ጆሯችንን በኢርፎን ደፍነን ነው።

ቁልቁለት ላይ ነፋስ ጆሮን ይነጥቃል። ከተማ ውስጥ ዝምተኛው መኪና ይነጥቀዋል። የተረፈውን ደግሞ እኛው ራሳችን በሙዚቃ እንሸጠዋለን። ታዲያ ምን ቀረን? ዓይን ቀረን። ዓይን ደግሞ ፊት ላይ ነው የተፈጠረው።

የሚቀርቡብን ክሶች

አንደኛው ክስ ‹‹ኋላ ቀር ነው›› የሚል ነው። ኋላን የሚያሳይ ነገር ኋላ ቀር መባሉ ይገርማል። በእኛ ዕድሜ የሳይክል ውበት ማለት ምንም ያልተለጠፈበት ሳይክል ነው፤ ጭቃ መከላከያው ይነቀላል፤ ደወሉ ይነቀላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ የኋላ ፍሬኑን ያስነቅላል። ‹‹የቱር ደ ፍራንስ ልጆች ስፖኪዮ አላቸው እንዴ?›› ይሉናል። የላቸውም። ጽጋቡ ግርማይ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ስፖኪዮ አልነበረውም። ግን የተዘጋ መንገድ ነበረው። ከፊቱና ከኋላው ሞተረኛ ነበረው። የቡድኑ መኪና ይከተለው ነበር፤ ጆሮው ውስጥም ‹‹መጡብህ›› የሚለው ሬዲዮ ነበር። ማለትም ሙሉ ደጀን ነበረው። እሱ የነበረው ሁሉ ከአዘዞ እስከ ማራኪ ሲጠበቅልን እኛም ስፖኪዮውን እንነቅላለን።

ሁለተኛው ክስ ‹‹ስፖኪዮ ያታልላል›› የሚል ነው። ይህ ከፊል እውነት አለው። ያ አሸናፊው አሜሪካዊ እንኳ ኋላ እንደተናዘዘው፣ የውድድሩ ሜዳ በጡብ የተነጠፈ ስለነበር መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ ምንም አላየበትም። የጎንደርን የኮብልስቶን መንገድ ያየ ይህን ይረዳዋል። ሌላም አለ፤ ጎበጥ ያለው መስታወት ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ግን ሁሉን ነገር አሳንሶ ስለሚያሳይ አይሱዙው ካለበት የራቀ ይመስላል። ጠፍጣፋው እውነተኛውን ርቀት ያሳያል፤ የሚያሳየው ቦታ ግን ጠባብ ነው። ከሁለቱም ውጭ የሚቀር፣ ትከሻችን አጠገብ ያለ የማይታይ ቦታ ደግሞ ምንጊዜም አለ።

ስለዚህ አጠቃቀሙን ማወቅ ይገባል። እኛ ከወደቅን በኋላ የተማርነውን እናንተ ሳትወድቁ ተማሩት። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ፣ የሚያልፋችሁ መኪና የሚመጣው በግራ ነው፤ ስፖኪዮውም በግራ ይገጠም። በግራ ከሚነዱ አገሮች ለቀኝ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ገበያ ላይ ስለሚገኝ ስትገዙ ሞክሩት። በመስታወቱ የቀኝ ጠርዝ ላይ የክርናችሁ ጫፍ በጥቂቱ ይታይ፤ የቀረውን ሁሉ መንገዱ ይሙላው። ብሎኑን በደንብ አጥብቁ፤ የላላ ስፖኪዮ ከሌለ ስፖኪዮ የባሰ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ ለቅጽበት እዩት እንጂ አታፍጡበት፤ ፊት ያለው ጉድጓድ አይጠብቃችሁም። ጉድጓድም ይሁን አህያ ለማለፍ ወደ መሀል ከመውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ ስፖኪዮውን እዩ። ባዶ ከሆነ ፈጠን ብላችሁ በትከሻችሁ ላይ ገልመጥ በሉ። ከዚያ እጃችሁን ዘርጉ። ከዚያ ውጡ። ባዶ ካልሆነ ዞሮ ማየት አያስፈልግም፤ ከአህያዋ ኋላ ቆዩ። ስፖኪዮ የመዞርን ጥያቄ ይመልሳል፤ መቼ መዞር እንደሌለብን ይነግረናል። የጓደኛችንን አንጓ የሚያድነው ይህ ነበር።

ሦስተኛው ክስ ከባዱ ነው፤ እኛም እርስ በርሳችን የተከራከርንበት ነው። ‹‹ጥፋቱ የሹፌሩ ሆኖ መስታወት የሚገዛው ለምን ተገጪው ነው? ነገ አንዱ ሲገጭ ‘ስፖኪዮ አልነበረውም’ ሊባል አይደለም?›› የሚል። ይህን የሚለን ያ በጀሶ የከረመው ጓደኛችን ነው፤ ስለዚህ በቀላሉ ልንመልሰው አንችልም።

ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ሳይክል ነጂዎችና ሞተረኞች ናቸው። ይህን ሁሉ ሰው የጨረሰው የመስታወት እጦት አይደለም። መንገዱ ሲሠራ የተረሱ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳይና ስፔን ከከተማ ውጭ ሳይክል የሚያልፍ መኪና ቢያንስ አንድ ሜትር ከግማሽ እንዲርቅ በሕግ ያስገድዳሉ። አገራችንም ብትሆን መቻሉን አሳይታለች። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ‹‹መንገድ ለሰው›› ተብሎ በወር አንድ እሑድ መንገዱ ለእግረኛና ለሳይክል ሲለቀቅ ሕፃናት አስፋልት ላይ ሲጫወቱ አይተናል። የሳይክል ከተማ ስትባል የኖረችው ባሕር ዳርም በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀላት አዲሱ የዓባይ ድልድይ የሳይክል መስመር አለው። እንግዲህ ድልድይ ላይ ከተቻለ ኮሶዬ ዳገት ላይ አንድ ሜትር ጠርዝ መጨመር ለምን አይቻልም? ይህን መጠየቅ መብታችን ነው። ስፖኪዮ የመብት ምትክ ሆኖ ከቀረበልን እኛም አንቀበለውም።

ነገር ግን ለጓደኛችን ያልነውን ለእናንተም እንድገመው። መብት ያለው ሰው መብቱን የሚጠይቀው በሕይወት ሲኖር ነው። ያ ሹፌር ተሳስቷል፤ ቁልቁለት ላይ እንዲያ መክነፍ አልነበረበትም። ግን ቦዩ ውስጥ የወደቀው እሱ አይደለም። ‹‹ጥፋቱ የማን ነው?›› የሚለውን ፍርድ ቤት ይመልሰዋል፤ ‹‹ማን ሞተ?›› የሚለውን ግን መንገዱ አስቀድሞ መልሶታል። ደጀን ያቆመ ሠራዊት ጠላቱን ይቅር አለ ማለት አይደለም። እስኪደርስ ድረስ እንዳይቆረጥ ነው።

እናንተ ሹፌሮችም አላችሁ

ከአንባቢዎቻችን መካከል መሪ የጨበጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ለእናንተ ያለን ቃል አጭር ነው። እኛ በአንድ ትንሽ መስታወት እናንተን ስንፈልግ፣ እናንተ በሦስት መስታወት አንድ ጊዜ እኛን ፈልጉን። በተለይ ወደ ቀኝ ከመታጠፋችሁ በፊትና በሩን ከመክፈታችሁ በፊት። እኛም ውለታችሁን እንመልሳለን፤ ከትልቅ መኪና ጎን ተለጥፈን አንቆምም። በስፖኪዮው ውስጥ የሹፌሩን ፊት ካላየን እሱም እኛን እንደማያየን አውቀናል።

ኮሶዬ ከዚያ ወዲያ

ወደ ኮሶዬ በሳይክል አልተመለስንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ‹‹ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?›› ተብሎ ሳይጠየቅ ከከተማ መውጣት ቀርቷል። ሳይክላችንን የምንነዳው ጎንደር ውስጥ፣ ሲመችም እስከ አዘዞ ነው። የጥር 2015ቱን ፎቶ አሁንም አልፎ አልፎ አውጥተን እናየዋለን። ሦስታችን ገደሉን ጀርባ ሰጥተን ቆመናል፤ ሁለቱ ሳይክሎች ባዶ መሪ፣ ሦስተኛው ላይ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት።

አሁን ሦስቱም ሳይክሎች ስፖኪዮ አላቸው። የመጨረሻው የገጠመው ያ ተከራካሪው ጓደኛችን ነው። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ወራት ቆይቶ፣ ለማንም ሳይነግር፣ እዚያው ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ አስገጠመ። ‹‹አመንክ ማለት ነው?›› ስንለው ‹‹አላመንኩም፤ ጋሼ ገና ሲያዩኝ አወጡልኝ፤ ምን ልበላቸው?›› አለን።

ይሉኝታም ቢሆን ግድ የለም። እናንተም በእኛ ይሉኝታ ይያዛችሁና ነገ ጠዋት ጠጋኝ ዘንድ ጎራ በሉ። በግራ በኩል ይሁን።